ገብረወልድ ወፍጮ፣ ወራጅ አለ!

እኔ ሰው ሲያዋክበኝ አልወድም፤ ሰው ሲጎተትብኝ ደግሞ ጭራሽ አልወድም። ጉብሬ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ከከፈትኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ተማሪው ሁሉ ሴሚስተሩን ተኝቶ ይከርምና በማስረከቢያው ቀን ጠዋት «እትዬ ምሥራቅ፣ በሞቴ፣ ነፍሴን አድኚኝ» እያለ ይወረኛል። አድናለሁ። ግን እየተሳደብኩ ነው የማድነው።

አቾል ግን አንድም ቀን ተዋክባ አታውቅም። ከጁባ፣ ከደቡብ ሱዳን የመጣች የቅየሳ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት። ቁመቷ፣ እግዚአብሔር ይጨምርላት፣ የሱቄን በር ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። አማርኛዋን እዚሁ ነው የለመደችው፤ ቀስ እያለች፣ ቃሉን እየመረጠች ትናገራለች። ቅዳሜና እሁድ ጓደኞቿ እንቅልፋቸውን ሲለጥጡ እሷ በሚኒባስ ወልቂጤ ትወርዳለች። ደብተርና እርሳስ ይዛ ከተማውን በእግሯ ስታካልል ትውልና ማታ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። ከዚያ እኔ ጋ ትመጣና ጥያቄዋን ትዘረግፈዋለች።

«እትዬ ምሥራቅ፣ ሁለት ሰዎች በር ላይ ‹አንተ ግባ፣ አንተ ግባ› እየተባባሉ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ማንኛው ነው መግባት ያለበት?»

«ሁለቱም አይገቡም። ዝም ብለሽ በመሃላቸው እለፊ።»

«እትዬ ምሥራቅ፣ ድንጋይ አደናቅፎኝ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ‹እኔን!› አለች። የተመታሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እሷን?»

እንዲህ ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ታደክመኝ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ቅዳሜ ማታ ስትዘገይብኝ በር በሩን ማየት ጀመርኩ።

ፈተና ተጀምሮ እያለ፣ አንድ ሰኞ፣ ያንን ደብተሯን ይዛ መጣችና አንድ ገጽ ኮፒ አድርጊልኝ አለችኝ። ማሽኑ ላይ ልዘረጋው ስል አየሁት። የወልቂጤ ካርታ ነው፤ በእርሳስ የተሠራ፣ ጥንቅቅ ያለ። ግን ጽሑፉን ሳነብ ግራ ገባኝ። ዋርካው፣ በቅንፍ የለም። አሮጌው መናኸሪያ፣ የለም። የእንጨት ድልድዩ፣ የለም። ሰማያዊው ጠጅ ቤት፣ የለም። ገጹ ሙሉ እንደዚሁ ነው።

«ምን ጉድ ነው?» አልኳት። «መምህርሽ የሌለ ነገር ካርታ አንሺ አለሽ?»

«የመምህሬን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ይሄ የራሴ ነው። ደግሞ እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ። ሆቴሉ የት ነው ስላቸው ‹ዋርካው ጋ ውረጂ› አሉኝ። ወረድኩ። ዋርካ የለም። አንድ አባት ‹ዋርካው የት ነው?› ስላቸው ‹ይኸው፣ ቆመሽበት!› ብለው ተቆጡ። የቆምኩት አስፋልት ላይ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቷን እኮ ነው! ዋርካው ለመንገድ ተብሎ ከተቆረጠ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ግን ዛሬም እሱ ጋ እንወርዳለን፣ እሱ ጋ እንቀጣጠራለን። ለካ እንግዳ ሰው እያሳበድን ኖሯል።

እየሳቅኩ ገጹን ሳይ ግን ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ገብረወልድ ወፍጮ፣ የለም ይላል። ያስቀመጠችው ደግሞ የት መሰላችሁ? ከከተማው ማዶ፣ ቄራው አጠገብ!

«ማነው ይሄን የነገረሽ?»

«አንድ የባጃጅ ሹፌር።»

«ድራሹ ይጥፋ! እዚያ የነበረው የሌላ ሰው ወፍጮ ነው። ያውም ዱቄቱ አሸዋ የሚል ወፍጮ!» ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃዴን አሳየኋት። «አንብቢ። ምሥራቅ ማን ይላል? ምሥራቅ ገብረወልድ! አባቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ወፍጮው ፈርሶ ፎቅ ከተሠራበት ዘጠኝ፤ ይሄው እስከ ዛሬ የሚኒባስ ተሳፋሪ ‹ገብረወልድ ወፍጮ፣ ወራጅ አለ!› ብሎ ነው የሚወርደው። አንቺ የአባቴን ወፍጮ አንስተሽ ቄራ ትወስጂዋለሽ?»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ምሥራቅ፣ የአባትሽ ወፍጮ አርብ ቀን ይቆም ነበር?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «አርብ ቀትር ላይ ይቆማል። እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ማን ነገረሽ?»

«እናቴ» አለች። «እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፤ ወልቂጤ።»

ይህችን ልጅ ዓመት ከመንፈቅ አውቃታለሁ፤ አንድም ቀን አልነገረችኝም! ከዚያ አወራችኝ። እናቷ በስደት ጋምቤላ ነበረች። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት እርጉዝ ሆና ለስደተኞች ጉዳይ ቀጠሮ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ አውቶቡሱ ወልቂጤ ሲደርስ ምጥ ያዛት። ሰው ደግፎ አወረዳት፣ ዋርካው ሥር አስቀመጣት። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ጣል አድርጋባት ወደ ቤቷ ወሰደቻት። እዚያ ወለደች። ሃያ ሦስት ቀን ታረሰች። ቋንቋ አይግባቡም፤ ሴትዮዋ እስላም ስለሆነች ሰላምታዋንና ምስጋናዋን ብቻ እናትየው በምታውቃት ዐረብኛ ትለያለች። ሰው ሁሉ ሴትዮዋን «የአብዶ እናት» ሲል ነው የምትሰማው።

«ጉድ ፈላ!» አልኩ። «ወልቂጤ መሃል ቆመሽ ‹አብዶ!› ብትይ ግማሹ ከተማ ዞር ይልልሻል።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ አብዶ ጠይቄያለሁ።»

በሃያ አራተኛው ቀን፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዲስ አበባ አደርስሻለሁ፣ ግን አሁኑኑ አላት። ሴትዮዋ ተኝታለች። በምን ቋንቋ ቀስቅሳ ምን ትበላት? ብርድ ልብሱን አጥፋ ልጇን አዝላ ወጣች።

«እናቴ ‹እንደ ሌባ ወጣሁ› ትላለች» አለች አቾል። «በዚያች ሴት ስም ልትጠራኝ ፈልጋ ነበር። ግን ስሟን አልጠየቀችም። አሁን ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ቀኙም እየደከመ ነው። ‹ሳይጨልምብኝ ፊቷን አሳዪኝ፣ ስሟን ንገሪኝ፣ ይቅርታ ጠይቂልኝ› አለችኝ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ሲገኝ ሌላ ቦታ አላየሁም።»

ካርታው ያን ጊዜ ገባኝ። እናቷ የምታስታውሰው ከተማ የፈረሰውን ነው። እኛ ደግሞ መንገድ የምንናገረው በፈረሰው ነው። ልጅቷ እኛን እየጠየቀች፣ የለም የለም እያለች የእናቷን ወልቂጤ ስትገጣጥም ከርማለች። አይ ጭንቅላት!

«ሌላስ ምን ታስታውሳለች?» አልኳት።

ደብተሩን ገለጠች። «አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ‹የሴትዮዋ ባል ጠዋት ጥቁር ነው፣ ማታ ነጭ ሰው ሆኖ ይመጣል› ትላለች። አሟት ይሆን እንዴ ብዬ ተውኩት።»

መሳቅ ጀመርኩ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። «ዱቄት ነዋ! ባልየው ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሽበት እስኪመስል ዱቄት ለብሶ ነው የሚገባው! ሰይዶ እኮ ነው! የአባቴ ወፍጮ አርብ የሚቆመው ሰይዶ መስጊድ ስለሚሄድ ነው። ያንን ሞተር ከሱ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ አባቴም ‹አንተ ለአምላክህ፣ እኔ ለአምላኬ፣ ሞተሩም ይረፍ› ይል ነበር…»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ሰይዶ። የአብዶ አባት። እኔ ያኔ አዲስ አበባ መርካቶ ሱቅ ተቀጥሬ ስለነበር የአራሷን ነገር አልሰማሁም እንጂ ቤታቸውንማ እንዴት አላውቀው! ከወፍጮው ቁልቁል፣ ሦስተኛው በር። ሚስቱ ሀሊሜ ናት። ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አልተናገርኩትም።

ለምን አልተናገርኩም? ልንገራችሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ሰይዶ ሕፃን ሆኜ በጆንያው ክምር ላይ እያስቀመጠ ያጫወተኝ፣ አባቴ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነ ሰው ነው። እሱ የሞተው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ለቅሶው አልደረስኩም። ያን ሰሞን ማሽን ልገዛ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስመለስ ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ ነገ ደግሞ ሥራ በዛ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልሂድ? ለቅሶ ሲረፍድበት እያሳፈረ ይሄዳል። ሀሊሜን ገበያ ላይ በሩቅ ሳያት በሌላ መንገድ እዞራለሁ። አሁንማ ካየኋትም ሁለት ዓመት አልፏል፤ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ይህን ለማን ይናገሩታል?

«እ… ቤታቸውን ግን አላውቀውም፤ አንቺ ፈተናሽ ላይ ሁኚ፣ እኔ ላጠያይቅልሽ» አልኳት። ውሸቴን ነው።

አቾል ልትወጣ ስትል ዞር አለች። «እትዬ ምሥራቅ፣ ባገኛት ይቅርታ እንዴት ነው የሚጠየቀው እዚህ አገር?»

«ድሮ ድንጋይ ተሸክመው ነው። አንገት ላይ አድርገው እግር ላይ ይወድቃሉ።»

«ስንት ኪሎ?»

«እኔ ምን አውቄ! እንደ ጥፋቱ ነዋ!»

ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሦስት ቀን ዋሸኋት። «ጠየቅሽልኝ?» ትላለች፤ «ሰዎቹ ስልክ አያነሱም» እላለሁ። ሐሙስ ማታ መጣችና የሚቀጥለው ሰኞ ለእረፍት ወደ ጁባ እንደምትሄድ ነገረችኝ። «ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነው። ምናልባት የለችም እላታለሁ» አለችና ካርታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዓይኗ እየጠፋ ያለች አንዲት ሴት ጁባ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ እኔ እዚህ በአምስት ዓመት ሐፍረቴ መንገዷን ዘግቼባታለሁ። ሲነጋ ደወልኩላት።

«እሁድ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ቤቱን አውቀዋለሁ።»

«መቼ አወቅሽው?»

«ከሰኞ ጀምሮ። አትጠይቂኝ።»

አቾል አትጠይቂ ተብላ ሳትጠይቅ የቀረችው ያኔ ብቻ ነው።

እሁድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦርሳዋ እግሬ ላይ ቢያርፍ ጣቴን ሊቆርጠው! መጽሐፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከተማ ገብተን ፎቁ ሲታይ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ጣሪያውን መታ መታ አድርጋ፣ «ገብረወልድ ወፍጮ፣ ወራጅ አለ!» አለች። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። የአባቴ ስም ከዚያች ልጅ አፍ ሲወጣ እንባዬ መጣ። ዞር ብዬ ጠረግኩት።

ቁልቁል ወረድን። አንደኛው በር ፈርሶ ግንብ ሆኗል። ሁለተኛው ጋራዥ ሆኗል። ሦስተኛውም ከሌለስ? ልጅቷ ‹ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ› ብትለኝስ? ሦስተኛው ያው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው፤ ገርበብ ብሏል። እኔ ከአቾል ኋላ ሆንኩ። ለመደበቅ የምትመች ልጅ ናት።

ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጊት ዱካ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ሀሊሜ ናት! ከስታለች፣ ግን ሀሊሜ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች አቾል።

«ወአለይኩም ሰላም» ብላ ቀና አለች። ቀና አለች፣ ቀና አለች፣ የአቾል ፊት ጋ እስክትደርስ። ሰፌዱ ከጉልበቷ ወደቀ። «ያ አላህ! ይሄ ቁመት… ይሄንን ቁመት አውቀዋለሁ።»

ይሄኔ አቾል ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቦርሳዋን ከፈተች፣ የዳቦ ያህል ጥቁር ድንጋይ አወጣች፣ አንገቷ ላይ አደረገችና ተንበረከከች። ጣቴን ሊቆርጠው የነበረው ለካ እሱ ነው። «እማማ፣ እናቴ ከቤትዎ ሳትሰናበት ወጣች። ሃያ አንድ ዓመት አፍራለች። ይቅር ይበሉን» አለች። የተለማመደችው ነው፤ አንድ ቃል አልሳተችም። እኔ ግን በዘመኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን ነገር፣ በኔ ቀልድ የተነሳ የሰው አገር ልጅ ስትፈጽመው ቆሜ አየሁ።

ሀሊሜ ተነስታ መጣች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችው። ትጥለዋለች ስል የራሷ አንገት ላይ አደረገችው።

«ወላሂ እኔ ነኝ ያስቀየምኳት!» አለች እያለቀሰች። «የዚያን ዕለት ማታ ለአራሷ ያስቀመጥኩትን ወተት አብዶ ደፋው። ጮኼ ተቆጣሁት። እሷ ቋንቋውን አታውቅ! ጠዋት ብነሳ የለችም። በኔ ቁጣ ነው፣ ‹የጮኸችው በኔ ላይ ነው› ብላ ነው የሄደችው አልኩ። ሰይዶ እስከ መናኸሪያ ሮጠ፤ አላገኛትም። አራስ አስከፍቼ ከቤቴ አስወጣሁ ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ወተት በቀዳሁ ቁጥር…»

አቾል ስልኳን አወጣች። ጁባ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ እናትየው ስልኩን ዓይኗ ድረስ አስጠግታዋለች። ሀሊሜ ድንጋዩን እንደተሸከመች ፊቷን አቀረበች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ ከጁባ፣ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ እያለች ነው» አለች አቾል። የወተቱን ነገር በራሷ ቋንቋ ነገረቻት። እናትየው ረጅም ነገር ተናገረች፤ ልጅቷ ተረጎመችው። «ወተቱ ሲደፋ አይቻለሁ፣ ትላለች። ቁጣው ለኔ ተብሎ እንደሆነም ገብቶኛል። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ሰው በኔ ይቆጣል እንጂ ስለ እኔ የተቆጣ ሰው አልነበረም። ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አሁን ስሟን ንገሪኝ ትላለች።»

«ሀሊሜ» አለች አሮጊቷ ራሷ።

«ሀሊሜ» አለች ጁባ። «ሀሊሜ። ሀሊሜ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሀሊሜ የአቾልን እጅ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት፤ እንሰቱ ሥር ቆመው «እትብትሽ እዚህ ነው የተቀበረው» ስትላት እሰማለሁ። በዚህ አጋጣሚ ሹልክ ብዬ ልወጣ በሩን ያዝኩ። አልቻልኩም። ሲመለሱ እዚያው በሩ ላይ አገኙኝ።

«አንቺ በሩን የያዝሽው» አለች ሀሊሜ፣ ዓይኗን አጥብባ። «የገብረወልድ ልጅ አይደለሽም?»

ድንጋዩን ዱካው ላይ አድርጋው ነበር። ሄድኩ፣ አነሳሁት፣ አንገቴ ላይ አደረግኩትና ተንበረከክኩ። «እትዬ ሀሊሜ፣ ሰይዶን አልቀበርኩም፤ ለቅሶሽን አልደረስኩም» አልኳት።

«ታሞ ተኝቶ እያለ ‹ምሥራቅ መጣች?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አለችኝ። እኔ አለቀስኩ፤ አምስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ለቅሶ፣ ከነንፍጡ፣ በሰው ልጅ ፊት አለቀስኩ። ለአቾል ወዲያው ያነሳችላትን ድንጋይ ለኔ ቶሎ አላነሳችልኝም። ልክ ናት። ብቻ በስተመጨረሻ አነሳችውና ከንፈሯን በሻሿ ሸፍና፣ «ተነሺ፣ አንገትሽ ይሰበራል። ሰይዶ አውፍ፣ ይቅር ብሎሻል» አለች። ምሳ ሳንበላ አልለቀቀችንም። ድንጋዩን በሩ እንዳይዘጋ አስደግፋበት ቀረች።

ሰኞ ጠዋት አቾል ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ካርታውን ለእናቷ ማስጠረዝ ፈልጋለች። ገጹን አየሁት። ወፍጮው ከቄራ ተነስቶ ቦታው ተመልሷል፤ ያው የለም ይላል። ከሱ ቁልቁል ሦስተኛው በር ላይ ግን «አለች» ተብሎ ተጽፏል። ደጅ ስድስት ተማሪ ተሰልፎ ይጮህብኛል።

«ሽፋኑን ጻፊልኝ» አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ስሟ የቆየ ነው፤ አቾል ማጆክ ይላል። «እዚህ መሃል ላይ አንድ ስም ጨምሪልኝ።»

የትኛውን ብዬ አልጠየቅኳትም። አቾል ሀሊሜ ማጆክ ብዬ ጻፍኩ፤ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ አንድም ሰው ሳልሳደብ።